ለአባዬ ጆሮ የተጻፈ ደብዳቤ

የከባድ መኪናው ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ከአንድ ሰው በቀር። አባቷ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አስፋልቱ መሐል ገባ።

«ሬዲዮ» የሚሏት ልጁ የደብተር ቦርሳዋን ጥላ ዘለለች። የጃኬቱን ጀርባ በሁለት እጇ ጨምድዳ ስትጎትተው ሁለቱም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ዘጭ አሉ። መኪናው አቧራውን ፊታቸው ላይ በትኖ አለፈ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ የተናገረው ነገር እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ልትሰብሪኝ ነው?» አለ አባቷ ሱሪውን እያራገፈ።

«መኪናው! ጥሩምባውን አልሰማህም?»

«ምን?»

«ጥሩምባውን!»

«እ፣ እሱንማ አይቼዋለሁ እኮ» አለና ቦርሳዋን አንስቶ አቀበላት። እንዳላየው ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሬዲዮ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ጓደኞቿ ናቸው ያወጡላት፤ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ስትናገር ሦስት ረድፍ ይሰማታል። ልማድ ሆኖባት ነው። እነሱ ቤት ዝቅ ብሎ መናገር ትርፉ መድገም ነው። አባቷ እንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መሰንጠቂያ ማሽን ላይ ቆሟል፤ ማሽኑም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ የጆሮውን ግማሽ ወስዶበታል። አምና ክሊኒክ ሄዶ ተመርምሮ የመስሚያ መሣሪያ እንዲያደርግ ነግረውት ነበር። ድርጅቱ ከክሊኒኩ ጋር ውል ስላለው ለሠራተኛ በነፃ ነው የሚሰጠው። «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ይኸው ዓመት ሆነው፣ ገና እየተመለሰ ነው። እናቷ ለምናዋለች፣ ተቆጥታዋለች፣ አንዴም ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። «ይሄ አባባል ለእሱ ተለክቶ የተሰፋ ነው» ትላለች እናቷ፤ ልብስ ሰፊ ናት።

በማግስቱ የቋንቋ መምህሯ የቤት ሥራ ሰጡ። እሳቸው በሌሉበት ተማሪዎቹ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏቸው፤ ድርሰት ሲያርሙ ጠርዙን ሁሉ በቀይ «ለምን?» እያሉ ስለሚሞሉት።

«ለአንድ ሰው አሳማኝ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። ሰውየው የምር ያለ ሰው ይሁን። በእጁ ስጡትና መልሱን ይዛችሁ ኑ» አሉ።

ሬዲዮ አላመነታችም። ማታውኑ ጽፋ የአባቷ ጋዜጣ ላይ አስቀመጠችው።

«ውድ አባዬ፣ እባክህን እባክህን የመስሚያ መሣሪያውን አድርግ!!! ሁሉም ሰው ማድረግ አለበት ይላል። ብታደርገው በጣም በጣም ጥሩ ነው!! የምትወደን ከሆነ ታደርገዋለህ። ካላደረግከው ግን እንደማትወደን እቆጥረዋለሁ!»

ጠዋት ወረቀቱን ቦርሳዋ ላይ አገኘችው። ከሥሩ በወፍራሙ የአናጢ እርሳስ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ሁሉም ሰው ማን ነው? ጥሩነቱ ምኑ ላይ ነው? ለፍቅሩ ደግሞ፣ እናንተን መውደዴን ጆሮዬ ላይ ማንጠልጠል የለብኝም።»

መምህሯ ሁለቱንም አነበቡና መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ።

«አባትሽ ካንቺ በላይ ጽፈዋል።»

«ቲቸር፣ እውነቴን እኮ ነው!» ሦስት ረድፍ ዞረ።

«ውሸትሽን ነው አላልኩም። አስተያየትሽ ትክክል ሊሆን ይችላል። የጻፍሽው ግን ልመና ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ማስፈራሪያ አለበት። ሰው በቃለ አጋኖ ብዛት አያምንም። ለመሆኑ እምቢ ያሉት ለምንድን ነው?»

«ግግም ብሎ ነዋ።»

«ግግም ማለት ምክንያት አይደለም፤ አንቺን ስላናደደሽ ያወጣሽለት ስም ነው። እምቢ የሚል ሰው የሚፈራው ነገር አለ። እሱን ሳታውቂ ብትጽፊ አድራሻ የሌለው ፖስታ ላክሽ ማለት ነው።» ወረቀቱን መለሱላት። «ሁለት ሳምንት ውሰጂ። ያሰብሽውን ተዪውና ያየሽውን መዝግቢ።»

ስለዚህ መዘገበች። እሑድ እናቷ ከጓዳ ሦስት ጊዜ ተጣራች፤ አባቷ ሬዲዮ አጠገብ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፣ አልዞረም። ማክሰኞ ብቻውን ቤት ሳለ ቀሚስ ልታሠራ የመጣች ደንበኛ በር ስታንኳኳ ቆይታ ሄደች፤ በማግስቱ ተመልሳ ነገረቻቸው። ሐሙስ ራት ላይ ወንድሟ ስለ ስፖርት መምህሩ ቀልድ ነገራቸው፤ እናቷ ውሃ ትን እስኪላት ሳቀች። ሬዲዮ ግን እየሳቀች አባቷን አየችው። አባቷ መጀመሪያ እናቷን አየ፣ ቀጥሎ ወንድሟን፣ ከዚያ እሷን። ከዚያ ሳቀ። ጥርሱን እያሳየ፣ ከሁሉም ኋላ።

ሬዲዮ ራቷን ሳትጨርስ ደብተሯን አወጣች።

ዓርብ ዕለት እናቷ የስፌት መኪናዋን ዘይት እየቀባች ሳለ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ አባዬ መሣሪያውን ለምን ፈራው?»

«ማ? እሱ? ምንም አይፈራም።» እናቷ ዘይቱን አስቀመጠች። «አብሮት የሚሠራ ጓደኛ ነበረው። ጆሮው ላይ መሣሪያ ባደረገ በወሩ ከማሽን አውርደው መጋዘን አስገቡት። የዚያን ዕለት አባትሽ ራት ሳይበላ ተኛ። ‹ከማሽኔ ካወረዱኝ ምን ቀረኝ?› አለኝ። አንዴ ብቻ ነው ያለኝ። እኔም እንደ ዋዛ አለፍኩት።»

ሬዲዮ ይህንንም ጻፈችው። እንግዲህ አድራሻውን አገኘች ማለት ነው። ግን አድራሻው ላይ ምን ይላካል? ጓደኛውን ካወረዱት እሱንም ያወርዱታል፤ እሱስ ልክ አይደል?

ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ተደግፎ ሰምቶ ኖሯል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዓለም ላይ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም።

«አንቺ፣ ራስሽን አታድክሚ። መላ አለኝ።» አጣጥፎ የያዘውን ወረቀት ዘረጋላት። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ የክሊኒኩ ስም ከላይ በትልቁ የሠፈረበት ወረቀት ነበር። ‹ታካሚው በስድስት ወር ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ካላደረገ ሙሉ በሙሉ ይደነቁራል› ይላል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከጭንቅላቴ። አባዬ ሐኪም ይፈራል። ይቺን አንድ ወረቀት ከደብዳቤሽ ጋር አድርጊያት፣ አለቀ ደቀቀ። ነገ ክሊኒክ ነው።»

«ውሸት እኮ ነው።»

«ለእሱ ጥቅም አይደል? መኪና ከሚበላው ውሸት ይሻላል።»

ወረቀቱ ደግሞ ሲያምር! ትክክለኛ ይመስላል። ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ የአባቷን ምሳ ይዛ እንጨት ሥራው ድርጅት ሄደች። ግቢው በአዲስ እንጨት ሽታና በሰጋቱራ የተሞላ ነው። አንድ ፎርክሊፍት የሚሉት የዕቃ ማንሻ መኪና ጣውላ ተሸክሞ ጢጥ ጢጥ እያለ ወደ ኋላ ይመጣል፤ አባቷ ጀርባውን ሰጥቶት መሐል ላይ ቆሟል። ሬዲዮ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ፎርክሊፍቱ ቆመ። ሾፌሩ አልተቆጣም፣ አልተጣራም። መሪው ላይ ክንዱን አስደግፎ ጠበቀ። አባቷ በራሱ ጊዜ ዞር ሲል እጁን አውለበለበለትና አለፈ። ለካ ለምዶታል። ግቢው በሙሉ ለምዶታል።

ምሳውን ስትሰጠው አንድ የሥራ ባልደረባው መጥቶ ጆሮው ሥር ጮኸ፦ «የበሩ ጣውላ ሁለት ሜትር ከአምስት ነው!» አባቷ ራሱን ነቀነቀና ሜትሩን አውጥቶ እንደገና ለካው።

«ነገርኩህ እኮ» አለ ባልደረባው።

«ሰምቼሃለሁ። እንጨት አንዴ ካጠረ ግን አይረዝምም።» ለካው፣ ምልክት አደረገበት፣ አሁንም ደግሞ ለካው።

ሬዲዮ ደብተሯን ደረቷ ላይ ጨብጣ አየችው። ለባልደረባው አፍ ያልተገዛ ሰው ለወረቀት ይገዛል? ክሊኒክ ሄዶ ቢጠይቅስ? አንዷ ውሸት ከተገኘች እውነቱም አብሮ ተጠርጎ ይጣላል። ባይጠይቅ ደግሞ ባሰ፦ አባቷ ያለ ምክንያት ስድስት ወር እየቆጠረ ይፈራል።

ወደ አለቃው ቢሮ አመራች። ቢሮው ከጣውላ የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት፤ አለቃው ስልክ ላይ ከአንድ ቀለም ሻጭ ጋር እየተከራከሩ ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ሰው ማሽን ላይ መሥራት ይከለከላል?»

አለቃው ስልኩን አስቀምጠው አዩዋት። «ያንን ያለው ማን ነው?»

«አባዬ… ማለቴ፣ ጓደኛውን ከማሽን አውርዳችሁታል አሉ።»

«እኛ?!» ወንበራቸው ሲጢጥ አለ። «እሱ ራሱ ነው እንጂ ወገቤ አልቻለም፣ መቆም አቅቶኛል ብሎ ለምኖ መጋዘን የገባው! ማመልከቻው እዚሁ ፋይል ውስጥ አለ። ሁሉም ፊት ነው የተናገርኩት፤ አባትሽም ነበረ።» ድንገት ወደ ግቢው ተመለከቱ። ቀስ ብለው፣ «ግማሹን ነው የሰማው፣ አይደል?» አሉ።

«ይመስለኛል።»

«የኔ ልጅ፣ ማሽን ሲነሳማ ሁላችንም ደንቆሮ ነን፤ በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ማሽኑ ቆሞ ግቢ ውስጥ ሲዘዋወር ነው። እኛ የማናውቅ ይመስለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ።»

«ይሄን ይጽፉልኛል? እንዳሉት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።»

አለቃው ፈገግ አሉ። ብዕር ፈለጉ፤ ከቀለም ቆርቆሮ ጀርባ ተገኘ። አራት መስመር ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተሙን አተሙ። ማኅተሙ ትንሽ ጎብጧል፣ ጽሕፈታቸውም ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሬዲዮ ግን እንደዚህ ያማረ ወረቀት በዕድሜዋ አላየችም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ክሊኒክ ሄደች። የጆሮ ክፍሏ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ጥያቄዋን በሙሉ ሰማቻት።

«ማሽን ሲነሳ ያወልቀውና ጆሮ መሸፈኛ ያደርጋል። ማሽን ሲቆም መልሶ ያደርገዋል። እንደ መነጽር ውሰጂው።»

«ጆሮው ይድናል?»

«አይድንም። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ይጠቀምበታል። ሌላም ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ሰሞን ይረብሸዋል። የሳህን ኳኳታ ሳይቀር ያስደነግጠዋል። እሱንም ጻፊለት።»

«እሱን ከጻፍኩማ እምቢ ይላል!»

«ካልጻፍሽው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ‹አታለሉኝ› ብሎ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። መሳቢያ ውስጥ ስንት መሣሪያ እንዳለ ብታውቂ!»

ማክሰኞ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያደረገችው የወንድሟን ወረቀት አውጥታ መመለስ ነበር።

«ምን ጎደለው?» አለ ወንድሟ ተከፍቶ።

«ምንም አልጎደለውም። አባዬን ማስፈራራት ስላልፈለግሁ ነው። ደግሞ አያስፈልገኝም።» የአለቃውን ወረቀት አሳየችው። ወንድሟ አነበበው። ሁለተኛ ጊዜ አነበበው። የራሱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተና፣ «በይ ጻፊ፣ ስትጨርሺ የፊደል ግድፈት አይልሻለሁ» አለ።

አንድም ቃለ አጋኖ አልተጠቀመችም።

«አባዬ፣

የመስሚያ መሣሪያውን ማድረግ አለብህ ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያን ረቡዕ መኪናው ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶ ነበር። እኔ ባልኖርስ? ግቢያችሁ ውስጥ ደግሞ የፎርክሊፍቱ ሾፌር አንተ እስክትዞር ቆሞ ይጠብቅሃል። ቅዳሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ ሌላ ሾፌር ቢመጣ መጠበቅ እንዳለበት የሚነግረው የለም።

ከማሽንህ እንዳያወርዱህ እንደምትፈራ አውቃለሁ። አለቃህን ጠየቅኋቸው፤ የጻፉትን አያይዣለሁ። ጓደኛህ የወረደው በወገቡ ምክንያት ነው፣ ራሱ ጠይቆ።

መሣሪያው ጆሮህን አያድነውም። መጀመሪያ ሰሞንም ያስቸግርሃል፤ የሳህን ድምፅ እንኳ ሊያስደነግጥህ ይችላል። የክሊኒኳ ባለሙያ ይሄንን እንዳልደብቅህ ነግራኛለች። እየቆየ ይለመዳል ብላለች። ማሽን ሲነሳ ታወልቀዋለህ።

የመጨረሻው ምክንያቴ የሐሙስ ራት ነው። ወንድሜ ቀልድ ሲነግረን ሁላችንም ሳቅን። አንተ ፊታችንን አየህና ከሁላችን ኋላ ሳቅህ። ቀልዱን አልሰማኸውም። የምር የሚያስቅ ቀልድ ነበር፣ አባዬ። እንዲያመልጥህ አልፈለግሁም።»

አባቷ መስኮቱ ሥር ቆሞ አነበበው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ፣ ራቅ አደረገው። የአለቃውን ጽሑፍ ሁለቴ አየ። ሬዲዮ፣ እናቷና ወንድሟ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ያወቀችው በፊቱ ነው፤ ከንፈሩን ነከሰና ወደ ውጭ ተመለከተ።

«ይሄን አለቃው ራሱ ነው የጻፈው?»

«ራሳቸው።»

«እጠይቀዋለሁ።»

«ጠይቃቸው።»

«ክሊኒኩንም እጠይቃለሁ።»

«ጠይቅ!» አለች ሬዲዮ። ወንድሟ ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

ረቡዕ ሲሠራ ዋለ፣ ማታም አምሽቶ ገባ። ሐሙስ ከሰዓት ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ቆሞ አገኘችው። ጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ አለ።

«ጠየቅሁ» አለ። «ሁሉንም ጠየቅሁ። ፎርክሊፍት ነጂውን ሳይቀር። አንዲት ቃል እንኳ ጎደሎ ቢገኝ ብዬ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አልተገኘም። እንሂድ።»

ባለሙያዋ መሣሪያውን ከጆሮው ጀርባ አስቀመጠች፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። አንዲት ቁልፍ ነካች። አባቷ ትከሻውን ሰበቀ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ መስኮቱን አየ፣ የባለሙያዋ ወረቀት ሲገለጥ በዓይኑ ተከተለው። እንግዳ ቤት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ የቸገረው ሰው ይመስላል።

«አባዬ! ይሰማሃል?!» አለች ሬዲዮ።

አባቷ ከወንበሩ ዘለለ። «ኧረ ቀስ! ምን ያስጮህሻል፣ አጠገብሽ አይደለሁ!»

ባለሙያዋ በሳቅ ፈረሰች። ሬዲዮ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ እጆቿን አወረደችና፣ በሕይወቷ ለአባቷ ተናግራ በማታውቀው ድምፅ፣ ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ» አለች።

አባቷ ዞሮ አያት። ዓይኑ ውሃ አቀረረ።

«ድምፅሽ…» አለ። «ድምፅሽ እኮ ተለውጧል። መቼ ነው እንዲህ ትልቅ ሰው የሆንሽው? እኔ እኮ የማውቀው የሕፃኗን ነው።»

የዚያን ዕለት ራት ላይ ወንድሟ ስለ ስፖርት መምህሩ ያለውን ቀልድ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲናገር ታዘዘ። አባቷ ሹካዎቹ በተጋጩ ቁጥር ፊቱን እያጨማደደ ሰማው። ፍሬ ነገሩ ላይ ሲደርስ ማንንም ሳያይ፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ሬዲዮ እንደ ዋንጫ አሸናፊ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

መምህሯ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ የቀዩ ብዕር ክዳን አልተከፈተም ነበር። ጠርዙ ላይ አንድም «ለምን?» አልነበረም።

«በሚቀጥለው ሳምንት ወላጆች ሲሰበሰቡ መድረክ ላይ ታነቢዋለሽ» አሉ። «ከሁሉም ክፍል ያንቺን መርጫለሁ።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከኋላ «ሬዲዮ! ሬዲዮ!» አሉ። እሷም እስከ ጆሮዋ ፈገግ አለች። መድረኩ፣ ድምፅ ማጉያው፣ የተደረደሩት ወንበሮች ታዩዋት። ከዚያ የመጨረሻው አንቀጽ ታያት፤ ከሁሉም ኋላ የሳቀው አባቷ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት።

«ቲቸር፣ መልሴን ነገ ልንገርዎት?»

«ለምን?»

«የጻፍኩት ስለ አባዬ ነው። መጀመሪያ እሱን ልጠይቀው።»

መምህሯ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት አልታጠፈችም፤ እንጨት ሥራው ድርጅት ደረሰች። ማሽኖቹ ቆመው ነበር። አባቷ ጀርባውን ሰጥቷት ጣውላ እያገላበጠ ነው። በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትጮህ፣ «አባዬ» አለች።

ዞረ።

«አንድ የማማክርህ ነገር አለ።»

«ምክንያት ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ደስ ካላለህ ግን እምቢ ማለት ትችላለህ» አለችና ሰጋቱራውን እየረገጠች ወደ ውስጥ ገባች።